ዘጋቢ ፊልም ለታሪክ ተማሪ ምን ዓይነት ምስክር ነው?

የታሪክ ተማሪ የቆየ ደብዳቤ ሲቀርብለት ማን ጻፈው፤ ለማን ጻፈው፤ ስለ ምን ጻፈው ብሎ መጠየቅን ይማራል። ዘጋቢ ፊልም ሲመለከት ግን ይህን ልማዱን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በዓይን የታየ ነገር ማስረጃ የሚያሻው አይመስልምና። የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ፥ ፊልምም እንደ ማናቸውም ሰነድ ሊመረመር የሚገባው መሆኑን ማስረዳትና ለዚሁ የሚጠቅሙ ሦስት ፊልሞችን ለባልንጀሮቻችን ማመልከት ነው።

የመጀመሪያው አሜሪካዊው ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የሰሜኑ ናኑክ» ነው። ፊልሙ በሰሜን ካናዳ የሚኖሩትን የኢኑይት ሰዎች ኑሮ ያሳያል፤ ወጪውን የቻለውም የአውሬ ቆዳ የሚነግድ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። ናኑክ የተባለው ሰው እውነተኛ ስሙ አላካሪያላክ ነው። በዚያን ጊዜ ኢኑይቶች ጠመንጃ ይዘው ያድኑ ነበር፤ በፊልሙ ግን በጦር ሲያድኑ ይታያሉ። የበረዶው ቤትም ለካሜራው ብርሃን እንዲገባ በአንድ ወገን ክፍት ሆኖ ተሠራ። እንግዲህ ፊልሙ የሚመሰክረው ስለ ኢኑይቶች ብቻ ሳይሆን፥ ፍላኸርቲ ሊያያቸው ስለ ፈለገበት መልክም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ፈረንሳዊው አለን ሬኔ በ1955 እ.ኤ.አ. የሠራው «ሌሊትና ጭጋግ» ነው። በ32 ደቂቃ ውስጥ የናዚዎችን የእስር ሰፈሮች ታሪክ ይተርካል። ንባቡን የጻፈው ዣን ኬሮል ራሱ በማውትሐውዘን ታስሮ የተረፈ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ የፈረንሳይ ጃንዳርም ቆብ ስለ ታየ፥ የፈረንሳይ ሳንሱር እንዲሸፈን አደረገ። ቆቡን መሸፈን ራሱ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል።

ሦስተኛው የራሳችንን አገር የሚነካ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ብዙ የእርዳታ ገንዘብም እንዲዋጣ ምክንያት ሆነ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በዚህ ጊዜ ግን በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳይ ሥዕል ገብቶበት ነበር። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ፊልሙ ሐሰት ነው» ይል ይሆናል። ይህ ትክክል አይመስለንም። ረሃቡ ሐሰት አልነበረም፤ ግብዣውም ሐሰት አልነበረም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸው ግን የአዘጋጁ መቀስ ነው። ስለዚህ መርማሪው ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ መጠየቅ አለበት፤ ካሜራው ያየው ምንድን ነው? ያየውንስ ማን፥ መቼ፥ ለምን ዓላማ አቀናበረው?

ከሁሉ በላይ ሊታሰቡ የሚገባቸው የወሎ ረሃብተኞች ናቸው። አንድ ጊዜ ለምጽዋት፥ አንድ ጊዜ ለመንግሥት ለውጥ ታዩ፤ እኛም ፊታቸውን እያወቅን የአብዛኞቹን ስም አናውቅም። ፊልሙ የጀመረውን ምስክርነት በቃልና በጽሑፍ ማስረጃ መፈጸም የታሪክ ተማሪ ድርሻ ነው።