የአባት ስም በሕግ ሲከለከል

ከአምቦ ተነሥቶ ወደ ወሊሶ የሚያቋርጠው መንገድ በወንጪ ደጋ ላይ ያልፋል። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው የተዘረጋው የእንሰትና የገብስ ማሳ ዛሬ የብዙ እንግዳ መዳረሻ ሆኗል። በአምስቱ የጠላት ወረራ ዓመታት ግን ይህ ደጋ በሁለት ዓለም መካከል የቆመ ድንበር ነበር። በግራና በቀኙ ባሉት በአምቦና በወሊሶ ከተሞች የኢጣሊያ ጦር ሰፍሯል፤ ከከተሞቹ ወጣ ብሎ ያለው ጫካና ገደል የአርበኞች ነው። በወሊሶና በጨቦ በኩል ገረሱ ዱኪ፣ በጊንጪና በጅባት በኩል ገና በወጣትነቱ የሸፈተው ጃገማ ኬሎ ጠላትን ያስጨንቁ ነበር። በዚህ ምድር ላይ ከኢጣሊያዊ አባትና ከአገር ተወላጅ እናት የተወለደ ልጅ ገና ሳይናገር የሁለት ወገን ክስ ይጠብቀው ነበር። አንደኛው ክስ በሮማ ሕግ ተጽፎ የወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሰው አፍ የሚነገር ነበር።

የዚህን ልጅ ዕጣ ለመረዳት ከወረራው በፊት የነበረውን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ በመጀመሪያው አንቀጽ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ቢወለድ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ደንግጎ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕግ ልጅ በመሠረቱ የአባቱን ዜግነት ይከተል ስለነበር፣ «ወይም እናቱ» የሚለው ሐረግ ቀላል ነገር አይደለም። በአገሩም ልማድ ቢሆን ባልና ሚስት ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ የሚዋዋሉበት የደሞዝ ጋብቻ የታወቀ ነበር። ውሉ ቢፈርስም ከዚያ ጋብቻ የተወለደ ልጅ የአባቱ ልጅ ነው፤ ስሙን ይይዛል፣ ርስቱንም ይካፈላል።

ኢጣሊያኖች ይህን ልማድ ተቀበሉ፤ ግዴታውን ግን ተዉት። በኤርትራ ቅኝ ግዛታቸው «ማዳማቶ» እያሉ በሚጠሩት ግንኙነት ወታደሩና ሹሙ ከአገሬው ሴት ጋር ቤት መሥርቶ ይኖራል፤ ጊዜው ሲያልቅ እናትንም ልጅንም ትቶ ይሄዳል። ያም ሆኖ አባት ከፈለገ ልጁን እንዲቀበል ሕጉ በር ይከፍት ነበር። ሰኔ 29 ቀን 1925 ዓ.ም. የወጣው የኤርትራና የሶማሊያ ሕግ፣ አባታቸው ያልታወቀ ክልሶች እንኳ በተወሰነ መመዘኛ የኢጣሊያ ዜግነት እንዲጠይቁ ፈቅዶ ነበር። ይህ በር የተዘጋው አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ነው።

የፋሺስት መንግሥት በኢትዮጵያ ያሰበው ወታደር ማስፈር ብቻ ሳይሆን ሕዝብ ማስፈር ነበር። ከአምቦ መንገድ ላይ የምትገኘው ሆለታ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባትና ካዴቶቿ በነቀምት የጥቁር አንበሳን ማኅበር ካቋቋሙት መካከል የሆኑባት ከተማ፣ የቀድሞ ተዋጊዎች ድርጅት ገበሬዎችን ሊያሰፍር መሬት ከተሰጠባቸው ሁለት ቦታዎች አንዷ ሆነች፤ ሁለተኛዋ ቢሾፍቱ ናት። እቅዱ ነጭ ቤተሰብ በጥቁር ምድር ላይ ሥር እንዲሰድ ነበር። ነገር ግን ከመጡት ኢጣሊያኖች አብዛኞቹ ሚስት ያላስከተሉ ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ ሮማ የፈራችው ክልስ ልጅ በየሰፈሩ መወለዱ የማይቀር ሆነ።

ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ፣ ከቅኝ ተገዢ ጋር የባልና ሚስትን ኑሮ የሚመስል ግንኙነት ያደረገ ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። ለሕግ ባለሙያ እጅግ የሚያስገርመው የወንጀሉ ትርጓሜ ነው። በገንዘብ የሚፈጸም የአንድ ሌሊት ግንኙነት በዚህ ድንጋጌ አያስቀጣም፤ የሚያስቀጣው አብሮ መኖር ነው። በአዲስ አበባ የነበሩት የኢጣሊያ ዳኞች ጥፋቱን ለማረጋገጥ ተከሳሹ ከሴቲቱ ጋር በአንድ ገበታ መብላቱን፣ በአንድ ቤት ማደሩን፣ ለእርሷ ማሰቡንና መውደዱን ይመረምሩ ነበር። ፍቅር ራሱ ማስረጃ ሆኖ ችሎት ቀረበ። የሚቀጣው ወንዱ ብቻ ስለነበረ ሴቲቱ ተከሳሽ አልነበረችም፤ ነገር ግን ከሳሽም መሆን አልቻለችም። በዚያ መዝገብ ውስጥ የእርሷ ስም የሌላ ሰው ጥፋት ማስረጃ ከመሆን አላለፈም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ቅጣቱ ወደ ልጁ ዞረ። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ክልስ ልጅ የተወላጁን ወላጅ የተገዢነት ደረጃ እንዲይዝ ወሰነ። ኢጣሊያዊው አባት ልጁን እንዳይቀበል፣ ልጁም የአባቱን የቤተሰብ ስም እንዳይጠራበት ከለከለ። የማሳደጊያውና የማስተማሪያው ወጪ በሙሉ በእናቲቱ ላይ እንዲወድቅ አደረገ። ለክልሶች ተብሎ ትምህርት ቤትም ሆነ ማሳደጊያ እንዳይከፈት፣ በሃይማኖት ድርጅት ስም እንኳ ቢሆን፣ አገደ። በሌላ ዘመን ክፉ አባት ልጁን ይክድ ነበር። በዚህ ሕግ ግን ልጁን ሊቀበል የሚወድ ደግ አባትም በግድ ከሃዲ ሆነ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ከኢጣሊያኖቹ ብዙዎች የጦር እስረኞች ሆነው ወደ ኬንያና ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ግዛቶች ተወሰዱ። በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. አራት ታላላቅ መርከቦች በሦስት ጉዞ ከምሥራቅ አፍሪካ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን፣ 28 ሺህ ያህል ሰው፣ ወደ ኢጣሊያ መለሱ። አባቱ እንዳይቀበለው በሕግ የታገደ ልጅ ግን በዚያ የዜጎች መዝገብ የሚገባበት መሠረት አልነበረውም። አባት ወደ እስር ቤት፣ መርከቡም ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ እናትና ልጅ ከነበሩበት ቀሩ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ክስ ይጀምራል። ዘመድ በአርበኝነት በወደቀበት ቀበሌ የ«ሶላቶ» ልጅ ይዞ ወደ ገበያ መውጣት ለእናት ቀላል አልነበረም። በሕግ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በ1922ቱ ሕግ የእናቱ ዜግነት ይበቃዋል። ነገር ግን ሰው በሚተዋወቅበት አገር የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው፤ በስሙ ቀጥሎ የሚጠራውም አባቱ ነው። በምዕራብ ሸዋ የሜጫ ኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ አንድ ጥንታዊ መልስ ነበር፤ ይኸውም ጉዲፈቻ ነው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የአሳዳጊውን ዘር ይቆጥራል፣ በስሙ ይጠራል፣ ይወርሳል፤ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። ሮማ በሕግ የነቀለችውን የአባት ስም የአገሬው ልማድ እንደገና ሊሰጥ የሚችልበት መንገድ ይህ ነበር።

ይህ በጎ መንገድ ያልደረሰላቸው ግን ዓይናቸውን ወደ አባታቸው አገር አቀኑ። የ1932ቱ የክልሶች ሕግ በኢጣሊያ በ1939 ዓ.ም. ተሽሯል። ሆኖም የተሻረው ክልከላው ነው እንጂ አባቱ አልተመለሰም። ዜግነት ለማግኘት የአባት መቀበል ያስፈልጋል፤ አባት ሞቷል፣ ወይም በአገሩ ሌላ ቤት መሥርቷል፣ ወይም ሊታወቅ አይፈልግም። የኢትዮጵያም ሕግ ቢሆን ለዚህ ችግር ብዙ አልረዳም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አባትነት በፍርድ የሚታወቅበትን ምክንያት በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ወስኖት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው ምክንያቶቹን ያሰፋው። እስከዚያ ድረስ የብዙው ልጅ ዕድል በአንድ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ያ ፊርማ ደግሞ አንድ ጊዜ በሕግ ተከልክሎ፣ ሌላ ጊዜ በአባት ዝምታ ቀርቷል።

ከነዚህ ልጆች ስማቸው በይፋ ከታወቀው አንዱ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በ1927 ዓ.ም. በአሥመራ ከኢጣሊያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ እርሱ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎ በፍጻሜው ግጥሚያ ከአራቱ ግቦች አንዷን አግብቷል። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሰው በልጅነቱ ከሁለቱም ወገን የደረሰበትን ንቀት በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። በደርግ ዘመን አገር ለቆ ወደ ኢጣሊያ ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. መባቻም እዚያው አረፈ። አገር በዋንጫ ቀን የራሱ ያደረገውን ሰው ማስቀረት አለመቻሉ ነገሩ ከስፖርት በላይ መሆኑን ያሳያል።

የስደቱ ዋጋም መታሰብ አለበት። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የኢጣሊያ የዜግነት ሕግ፣ አባቱ ካካለ መጠን በኋላ የተቀበለው ወይም በፍርድ የተረጋገጠለት ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ዜግነቱን እንዲመርጥ ይፈቅድለታል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ኑሮን ቢያቀልም ዜግነትን አይመልስም። ስለዚህ አባቱን ያገኘ ልጅ፣ ወይም የልጅ ልጅ፣ የአባቱን አገር ሲይዝ የእናቱን አገር በወረቀት ይለቃል። ያሳደገችው እናት በመጨረሻው ቅጽ ላይ እንደገና ተሸናፊ ትሆናለች።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው ባልደረቦች የሚቀረው ቁም ነገር ግልጽ ነው። አንድ ሕግ ሲሻር ጉዳቱ አብሮት አይሻርም፤ ልጁ ያልተመዘገበበት መዝገብ ሕጉ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላም ባዶውን ይቆያል። የ1932ቱን ሕግ የጻፉት ሰዎች ካለፉ ቆይተዋል፤ የአያታቸውን ስም ለማረጋገጥ ፋይል የሚከፍቱ ሰዎች ግን ዛሬም አሉ። እነርሱ ፊት ለፊት ሲቀርቡ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ባለሙያ የሚያየው አንድ የጎደለ ወረቀት ብቻ ሊሆን አይገባም። ያ ወረቀት የጎደለው ማን እንዲጎድል ስላዘዘ እንደሆነ ማወቅ የፍርድ አንዱ ክፍል ነው። በ1922 ዓ.ም. ሕግ ላይ «ወይም እናቱ» የሚለውን ሐረግ ያስገቡት ሰዎች ይህን በጥቂቱም ቢሆን አስበውት ነበር።