የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት፣ የአሣሣል ስልትና የሥዕሎቹ ዋጋ

መግቢያ

ቡና በሚበቅልበት አገር ያደገ ሰው ስለ ዋጋ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው ከሚዛን ፊት ቆሞ ነው። በአጋሮ ገበሬው እሸት ቡናውን ወይም ጀንፈሉን ለነጋዴ አስረክቦ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ቡናው ጅማን፣ አዲስ አበባንና ባሕርን ሲሻገር ዋጋው በየደረጃው ይለወጣል። ገበሬው ግን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ ነው።

ይህ ጥያቄ በሥዕልም ላይ ሊነሣ ይችላል። የአንድ ሥዕል ዋጋ ምንድን ነው? ማንስ ይወስነዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በኢትዮጵያ የረቂቅ ሥዕል ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ በሆነው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወትና ሥራ መመርመር ነው።

ሕይወቱ

ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰውና ብራና በሥዕል የሚያስጌጡ ስለ ነበሩ፣ ልጁ ከቀለምና ከብሩሽ ጋር የተዋወቀው በቤቱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእርሻን ትምህርት ለመከታተል ገባ፤ ነገር ግን ሳይፈጽም ትቶ ወደ ሥዕል አዘነበለ። በዚያን ጊዜ የኮሌጅን ትምህርት ጥሎ ሠዓሊ ለመሆን መነሣት ቀላል ውሳኔ እንዳልነበረ ማንኛውም ተማሪ ይረዳዋል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብን አጠና። ተመልሶም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ይህ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተቋቋመው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ተቀበለ። ባለቅኔም ነበረ፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ከሞቱ በኋላ ታትመዋል።

ከ1974ቱ (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ አገሩን ለቆ ተሰደደ። በመጨረሻም አሜሪካ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ግዛት በሎተን ከተማ፣ ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ጀርመን አገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ዘግይተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሠየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከልም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ።

የአሣሣል ስልቱ

ረቂቅ ሥዕል የሚባለው የሚታየውን ነገር መልክ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ በቀለም፣ በመሥመርና በቅርፅ የሚናገር ነው። ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን ሲመለስ ይዞት የመጣው አሣሣል ለብዙ ተመልካች እንግዳ ሆነ፤ «ኢትዮጵያዊነቱ የት አለ?» የሚል ክርክርም አስነሣ።

ለዚህ ክርክር መልስ የሚሰጡት ሥራዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» ርእሱ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ለዘመናት የተሣለ ነው። ሆኖም በዚህ ሥዕል ውስጥ ሥቃዩን የሚናገረው ከፊት ገጽታ ይልቅ ቀዩ ቀለም ነው። የከተማውን የቆርቆሮ ጣራዎች ሲሥልም ድኽነትን በቅርፅና በቀለም ድርድር አሳየ። እንግዲህ ርእሱን ከአገሩ፣ ቋንቋውን ከዘመኑ ወሰደ ማለት ይቻላል። በእኛ አስተያየት፣ አባቱ በብራና ላይ በቀለም ድምቀት ከሠሩት ሥራ ልጁ ፈጽሞ አልራቀም።

የሥዕሎቹ ዋጋ

የሥዕል ዋጋ የሚታወቀው በተደጋጋሚ ሲሸጥ ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ ለአንድ ገዢ ይሸጣል፤ ገዢው በጨረታ መልሶ ሲሸጠው ዋጋው በይፋ ይመዘገባል፤ ቀጣዩ ገዢም ያን መዝገብ ተመልክቶ ይጫረታል። ስለዚህ የገበያ ዋጋ የሥዕሉ ብቻ ሳይሆን የመዝገብ፣ የዐውደ ርእይና የሙዚየምም ውጤት ነው።

ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። እስክንድር ቦጎስያን እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራውን «የጁጁ ሠርግ» የተባለውን ሥዕል የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ወዲያው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ገዛው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው የጁሊ ምሕረቱ አንድ ሥዕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በኒው ዮርክ ጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ።

ገብረ ክርስቶስ ግን እንዲህ ያለ ገበያ ባላደገበት ዘመን ሠርቶ በስደት ሞተ። ከታወቁት ሥራዎቹ ብዙዎቹ በሙዚየምና በግለሰቦች እጅ ስላሉ ለጨረታ የሚቀርቡት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የሚሊዮን ዋጋ አለመሰማቱ የሥራውን ማነስ አያሳይም፤ የሚያሳየው ሥዕሎቹ ከእጅ ወደ እጅ በይፋ አለመዘዋወራቸውን ነው።

በዚህ ላይ ከአጋሮው ገበሬ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ነገር አለ። ሥዕሉ ተመልሶ ሲሸጥ ትርፉ የሻጩ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣችው ሕግ ሠዓሊውና ወራሾቹ ከዳግም ሽያጭ ድርሻ እንዲያገኙ ፈቀደች፤ አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ሕግ የላትም። እንግዲህ የአንድ ሥዕል ዋጋ በዐሥር እጥፍ ቢያድግ እንኳ የሠሪው እጅ ባዶ ሊቀር ይችላል።

መደምደሚያ

ሥነ ጥበብን በገንዘብ መመዘን ነውር ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ የ«ጎልጎታ» ትርጉም በዶላር አይቆጠርም። ነገር ግን ዋጋው ያልታወቀ ሥዕል በቀላሉ ይጠፋል፤ ቤት ሲፈርስ ወይም ውርስ ሲካፈሉ እንደ አሮጌ ሰሌዳ ይቆጠራል፤ ሐሰተኛ ቅጂም ሲቀርብ የሚያጋልጠው ማስረጃ አይገኝም።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከገበያ ይልቅ መዝገብ ነው። የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ርእሳቸው፣ መጠናቸው፣ የተሠሩበት ቀለምና ዓመት፣ ያሉበትም ስፍራ ከፎቶግራፍ ጋር ቢመዘገብ፣ ለተመራማሪም ለወራሽም ይጠቅማል። ይህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትጋት ያላቸው ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሊጀምሩት የሚችሉት ነው። ገበሬ ቡናውን ሳያስመዝን አያስረክብም፤ እኛም ያለንን ሳንቆጥር ዋጋውን ሌላ ሰው እንዲነግረን መጠበቅ አይገባንም።