በአንኮበር መድኃኔ ዓለም

በይፋት ወገን ከምትገኘው ከማጀቴ ተነሥተን ወደ አንኮበር የተጓዝነው የጥንቷን የሸዋ መዲናና በእርሷ የሚገኘውን የመድኃኔ ዓለምን ደብር ለመጎብኘት ነበር። መንገዱ የሸዋ ሮቢትን ቆላ አልፎ የደብረ ሲናን ዳገት ይወጣና በጣርማ በር ዋሻ በኩል ከደጋው ይደርሳል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ከገደሉ አፋፍ ደረስን። በማለዳ በሙቀት የተለየነው ቆላ አሁን በጋቢ ተጠቅልለን ቁልቁል የምንመለከተው ሆነ።

አንኮበር የሚለው ስም አንኮ ከተባለች የኦሮሞ እመቤትና በር ከሚለው ቃል የተገኘ ነው ተብሎ ይተረካል። ከተማይቱም በእርግጥ በር ነበረች። ከታጁራ ወደብ የተነሣው የነጋዴ ግመል የአፋርን በረሓ አቋርጦ በተራራው ግርጌ ወዳለው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። የቆላው ጨውና የደጋው እህል የሚገናኙት በዚያ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ መቀመጫቸውን በዚህ ተራራ ላይ ያደረጉት ይህን በር በእጃቸው ለማድረግ ጭምር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

የአንኮበር ስም ከሁሉ ይልቅ የገነነው ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ ተቀምጧል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም በ1833 ዓ.ም. መጥቶ፥ በተከታዩ ዓመት በኅዳር ወር በሁለቱ መንግሥታት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈርሟል። የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እኚሁ ንጉሥ ናቸው። በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ባረፉም ጊዜ ዐፅማቸው ያረፈው በዚሁ ደብር ነው።

ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ ዕድል ተለወጠ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ዘመቻ ጊዜ ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሲመለሱ አንኮበር እንደገና የነጋሪት ድምፅ ሰማች። ይሁን እንጂ መንግሥቱ ወደ ልቼ፥ ከዚያም ወደ እንጦጦ አለፈ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ መኳንንቱም ነጋዴውም ፊታቸውን ወደ አዲሲቱ ከተማ አዞሩ።

ከእኛ ጋር ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ቤተ መንግሥቱ የት እንደ ሆነ ጠየቀ። አንድ አረጋዊ ካህን በእጃቸው ወደ ኮረብታው አመለከቱት። ከጥንቱ ግቢ የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው። ካህኑ ግን ፊታቸውን መልሰው ወደ መቃብሩ ስፍራ አሳዩንና፥ በዚህ የተቀበረው ንጉሥ ብቻ እንዳልሆነ፥ አባትና እናታቸውም በዚሁ አፈር ውስጥ እንዳሉ ነገሩን።

ይህ የካህኑ አነጋገር ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከልባችን አልወጣም። ንጉሥ ከተማውን ሲለውጥ ግብሩም ሠራዊቱም ይከተለዋል። አጥቢያ ግን ልጁን ክርስትና ባስነሣበት፥ ሙታኑን ባሳረፈበት ስፍራ ይቀራል። አንኮበር መዲናነቷ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሆን፥ የመድኃኔ ዓለም ደወል ያልተቋረጠው በቀሩት ሰዎች ጥረት ነው። እኛ ግን ታሪካችንን የነገሥታት ጉዞ ብቻ አድርገን ስንጽፍ፥ ንጉሡን እስከ አዲስ አበባ ተከትለን የቀሩትን እንረሳቸዋለን።

በየአድባራቱ የርስት ውልና የስጦታ ቃል በወንጌል ኅዳግ ላይ መጻፉ የቆየ ልማድ ነው። የየመቃብሩን ባለቤት ለይቶ የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ብቻ ነው፤ እርሱም ሲያርፍ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በየአጥቢያቸው ያሉትን አረጋውያን እንዲጠይቁና የሰሙትን በጽሑፍ እንዲያኖሩ እናሳስባለን። የወረዳ ሹማምንትም ጽሑፉ የሚጠበቅበትን ስፍራ ቢያዘጋጁ ለትውልድ ታላቅ ውለታ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ፥ እንዲሁም የሽማግሌን ቃል እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ትዕግሥት ነው።