የወቅት ድብልቅ ቡና

በአሜሪካና በአውሮፓ ቡና መሸጫዎች «ሲዝናል ብሌንድ» የሚል ከረጢት ለጥቂት ሳምንታት ብቅ ይልና ይጠፋል። በአማርኛ «የወቅት ድብልቅ ቡና» ብንለው ይገልጸዋል። «ወቅታዊ» ብንለው የሰሞኑ ጉዳይ ይመስላል። ድብልቅ ሲባልም ገብስ የገባበት ማለት አይደለም፤ ከተለያየ አገር ወይም አካባቢ የመጣ ንጹሕ ቡና፣ ለአንድ የዓመቱ ክፍል ታስቦ ሲዋሐድ ነው።

መደባለቁ የቆየ ጥበብ ነው። የየመንን ቡና ከጃቫ ቡና ጋር ያገናኘው ሞካ ጃቫ ከሁሉም ቀዳሚው እንደሆነ ይነገርለታል። ለወቅት ከሚዘጋጁት መካከል፣ የአሜሪካው ቡና ሻጭ ስታርባክስ የገና ድብልቁን ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሆን ተብሎ እንዲከርም የተደረገ የሱማትራ ቡና ስለሚገባበት ጣዕሙ ከበድ ብሎ ቅመም ቅመም ይላል፤ ለብርድና ለበዓል ይስማማል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ከበዓሉ ይልቅ ለቀማውን የሚከተለው ድብልቅ ነው። ቡና ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ስለማይጠፋ፣ የሚደርስበት ጊዜ ያለው ሰብል መሆኑ ይረሳል። የእኛ ቡና በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል። ታጥቦ ወይም ከነገለፈቱ ማድረቂያ አልጋ ላይ ደርቆ፣ ተቀሽሮ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ አሜሪካና አውሮፓ ሲደርስ ለእኛ ክረምት፣ ለእነሱ ሙቀት ሊገባ ነው። የብራዚል ለቀማ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ገደማ ነው፤ በኮሎምቢያ ብዙ አካባቢዎች ደግሞ በዓመት ሁለቴ ይለቀማል። ጥሬ ቡና ሲከርም ያ ደስ የሚል ጎምዛዛነቱ ይደበዝዛል፤ ቆይቶም እንጨት እንጨት ይላል። ስለዚህ ቡና የሚቆላ ጎበዝ ባለሙያ የከረመውን እያወጣ፣ አዲስ የገባውን እየቀመሰ መጠኑን ይለዋውጣል። በሙቀቱ ወራት አበባና ሎሚ የሚሸተው የታጠበ ይርጋጨፌ ድርሻው ይጎላል፤ ብርዱ ሲመጣ ለውዝና ቸኮሌት የሚያስታውሰው የብራዚል ቡና ይበረታል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ድብልቅ ውስጥ የአገር ስም በቀላሉ ይጠፋል። ከረጢቱ ላይ የበረዶና የቅጠል ሥዕል ተስሎ ይርጋጨፌ ወይም ጉጂ ካልተጻፈ፣ ያን መዓዛ ያመጣው ገበሬ ተዘለለ ማለት ነው። ቡና ቆልተው ሲሸጡ አካባቢውንና የለቀማውን ጊዜ የሚጽፉ አሉ፤ ገንዘባችን ለእነሱ ቢሆን እመርጣለሁ። ውጭ አገር ሆኖ ጥሬ ቡና እየገዛ ቤቱ የሚቆላ ወገንም ከሰኔ ጀምሮ «የዘንድሮው ምርት ገብቷል?» ብሎ ይጠይቅ።