በወረቀት ላይ የቀሩ የጦር መርከቦች

በመርከብ ታሪክ አፍቃሪዎች ዘንድ አንድ ለየት ያለ የሥዕል ውድድር አለ። ተወዳዳሪዎቹ የሚስሉት በየወደቡ ቆሞ የሚታየውን ወይም በጦርነት ታሪክ የታወቀውን መርከብ አይደለም፤ ከቶ ያልተሠራውን፣ ነገር ግን ሊሠራ ይችል የነበረውን ነው። በአብዛኛው አንድ አገር፣ አንድ ዘመንና አንድ የክብደት ጣሪያ አስቀድሞ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ሠዓሊው መርከቡን ከጎንና ከላይ እንደሚታይ አድርጎ በመጠኑ ይስላል፤ መድፉን፣ የብረት ጥሩሩን፣ የጭስ ማውጫውንና የድንጋይ ከሰል ማከማቻውን በየቦታቸው ያሰፍራል። በ1890ዎቹ መርከብ ላይ ራዳር የጨመረ ሰው ታሪክን ስቷል። መርከቡ ሊሸከም ከሚችለው በላይ መድፍ የደረደረ ሰውም፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ባሕርን ስቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው። ይሁንና የጦር መርከቦችን ታሪክ ያገላበጠ አንባቢ ጨዋታው ከቁም ነገሩ ብዙ እንደማይርቅ ይገነዘባል። አማርኛችን «ሥዕል» እና «ንድፍ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ይጠራቸዋል። ሥዕል ዓይንን ካረካ ግዴታውን ተወጥቷል። ንድፍ ግን ገና ለሚመጣ ሥራ የተገባ ቃል ነውና ቃሉን መጠበቅ አለመጠበቁ የሚታወቀው በሥራ ላይ ሲውል ነው። ሥዕል የነበረው ንድፍ፣ ንድፍ የነበረውም ብረት ሲሆን ምን እንደሚከተል ለማየት ከመርከብ ታሪክ ጥቂት ገጠመኞችን እናንሣ።

ቪቶሪዮ ኩኒበርቲ የጣልያን ባሕር ኃይል የመርከብ መሐንዲስ ነበር። ትላልቅ መድፎችን ብቻ የታጠቀ ፈጣን መርከብ ቢነድፍም፣ ሐሳቡ ከአገሩ አቅም በላይ ሆኖ ስለተገኘ በውጭ አገር እንዲያሳትመው ተፈቀደለት። ጽሑፉ በ1903 በእንግሊዛዊው ፍሬድ ጄን የመርከቦች ዓመታዊ መጽሐፍ ላይ ወጣ፤ ርእሱም ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተስማሚ ስለሚሆን መርከብ የሚናገር ነበር። ጄን ራሱ ሠዓሊ ሲሆን፣ ስለ መጪው ዘመን ጦርነት የተጻፉ ልብ ወለዶችን በሥዕል ያስጌጥ ነበር። የኩኒበርቲ መርከብ 17,000 ቶን የሚመዝን፣ 305 ሚሊሜትር አፈሙዝ ያላቸው 12 መድፎች የተሸከመና በሰዓት 24 የባሕር ማይል የሚጓዝ ነበር።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 1906፣ የእንግሊዙ «ድሬድኖት» ወደ ውኃ ወረደ። የስሙ ትርጉም «ምንም የማይፈራ» እንደ ማለት ነው። ያንኑ መጠን ያላቸው 10 መድፎች ነበሩት፤ ፍጥነቱም 21 የባሕር ማይል ነበር። እርግጥ ነው፣ አድሚራል ፊሸርና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ሐሳብ በራሳቸው መንገድ ያብላሉ ስለነበር መርከቡን የኩኒበርቲ ሥዕል ወለደው ማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ብዙዎች ሕልም ነው ያሉት በብረት ተሠርቶ ታየ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ የነበሩት ታላላቅ የጦር መርከቦች፣ የእንግሊዝ የራሷም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ አረጁ። ጀርመንም ይህን አይታ በአዲሱ ዓይነት መርከብ ለመፎካከር ተነሣች።

በዚያው ዘመን አንድ መንግሥት እውነተኛ የመርከብ ንድፍ ውድድር አውጆ ነበር፤ እርሱም የሩሲያ መንግሥት ነው። መንሥኤው ሽንፈት ነበር። በ1904 ከባልቲክ ባሕር የተነሣው የሩሲያ መርከቦች ጭፍራ ከፊሉ በስዊዝ ቦይና በእኛው በቀይ ባሕር፣ ከፊሉ ደግሞ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ በማዳጋስካር ተገናኘ። ከዚያም ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተጉዞ በግንቦት 1905 በቱሺማ ወሽመጥ በጃፓኖች ተደመሰሰ። ከተሸናፊዎቹ መካከል አዲሶቹ መርከቦች ከንድፋቸው በላይ የከበዱ ነበሩ፤ ከባሕሩ ወለል በላይ ሆኖ ጎናቸውን ሊከላከል ይገባ የነበረው ዋናው ጥሩራቸው በጭነታቸው ብዛት ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሩሲያ ባሕር ኃይል ለአዲስ መርከብ የሚሆን ንድፍ ከዓለም ዙሪያ ጠየቀ። 13 ድርጅቶች 51 ንድፎችን አቀረቡ። አሸናፊው የሐምቡርጉ ብሎም ኡንድ ፎስ ሆነ። ፈረንሳይ ግን ለሩሲያ ያበደረችው ገንዘብ የጀርመንን ኪስ እንዲያደልብ አልፈቀደችም። ሩሲያውያን አሸናፊውን ንድፍ በ250,000 ሩብል ገዝተው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡትና፣ በምትኩ የገዛ አገራቸውን የባልቲክ ፋብሪካ ንድፍ መረጡ። በ1909 በሴንት ፒተርስበርግ ሥራቸው የተጀመረው አራቱ የ«ጋንጉት» ዓይነት መርከቦች ከዚህ ውሳኔ የተገኙ ናቸው። በውድድሩ አንደኛ የወጣው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ባሕር አላየም።

በወረቀት ላይ መቅረት ለነዳፊው ሐዘን ነው። ከዚህ የባሰው ሐዘን ግን በወረቀት ላይ መቅረት የነበረበት ሲሠራ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከድሬድኖት ዘመን 40 ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመለስ። ኩፐር ኮልስ በክራይሚያ ጦርነት የተዋጋ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። መድፎችን በሚሽከረከር የብረት ማማ ውስጥ ማኖር የሚለው ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የኋላው ዘመን አረጋግጦለታል። ነገር ግን ማማዎቹን ዝቅ ባለ መርከብ ላይ ተክሎ፣ ከላያቸው ረጃጅም ምሰሶዎችና ሙሉ ሸራ ሊያቆም ፈለገ። የባሕር ኃይሉ ዋና ነዳፊ ኤድዋርድ ሪድ አጥብቆ ተቃወመ። ኮልስ ግን ጋዜጦችንና የፓርላማ አባላትን ከጎኑ አሰለፈ፤ በመጨረሻም መርከቡን በራሱ ንድፍ እንዲያሠራ ተፈቀደለት። ስሙም «ካፕቴን» ተባለ።

የመርከቡ ወለል ከባሕሩ በላይ 2 ሜትር ከ40 ያህል ከፍ እንዲል ታስቦ ነበር። በሥራው ወቅት ግን ከ700 ቶን በላይ ትርፍ ክብደት ስለተጨመረ ከፍታው ወደ 2 ሜትር ወረደ። ይህ ከአንድ ክንድ ያነሰ ልዩነት በወረቀት ላይ ሲታይ ቀጭን መስመር ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ሕዝቡም ሹማምንቱም ያዩት ማማዎቹንና መድፎቹን ነበር። ከባሕር ኃይሉ የበላይ ሚኒስትር ሂዩ ቺልደርስ በላይ መርከቡን ያመነ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ወጣት ልጁን ከሌላ መርከብ አዛውሮ በ«ካፕቴን» ላይ አሳፍሮታልና።

በመስከረም 1870፣ ከ6 ወደ 7 አጥቢያ ሌሊት፣ በስፔን ፊኒስቴሬ ርእሰ ምድር አቅራቢያ ማዕበል ተነሣ። «ካፕቴን» ሸራዋን እንደዘረጋች በጎኗ ተጋድማ ተገለበጠች። ወደ 480 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት 18 ብቻ ናቸው። ከሟቾቹ መካከል ነዳፊው ኮልስና የሚኒስትሩ ልጅ ይገኙበታል። ጉዳዩን የመረመረው የጦር ፍርድ ቤት መርከቧ የተሠራችው በፓርላማና በሌሎች ቦታዎች ለተሰማው የሕዝብ አስተያየት ሲባል፣ የሙያው ባለቤቶች ከሰጡት ሐሳብ በተቃራኒ እንደሆነ በግልጽ አስፍሯል። በዚያች ሌሊት ባሕሩ የፈረደው በኮልስ ማማ ላይ ሳይሆን ማንም ባልቆጠረው ክብደት ላይ ነበር።

የክብደት ነገር በመጨረሻ የነገሥታትና የመንግሥታት ጉዳይ ሆኗል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት እንግሊዝ፣ አሜሪካና ጃፓን ከፊተኞቹ የሚበልጡ መርከቦችን መንደፋቸውን አላቆሙም ነበር። በየካቲት 1922 ግን ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር ሆነው በዋሽንግተን በፈረሙት ውል የአንድ ታላቅ የጦር መርከብ ክብደት ከ35,000 ቶን፣ የመድፉም አፈሙዝ ከ406 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተስማሙ። እንግሊዝ በ1921 ያዘዘቻቸው፣ ከዚህ ጣሪያ እጅግ የሚበልጡ አራት መርከቦች ተሰረዙ። ውሉ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አላስቀረም፤ ቢሆንም የተሰረዙት መርከቦች ማንንም አልገደሉም፣ ማንንም ይዘው አልሰመጡም።

ዛሬ የውድድሩ ሠዓሊዎች መልሰው መላልሰው ከሚስሏቸው መካከል እነዚህን የመሳሰሉ ውጥኖች ይገኙበታል። ያለ ገደብ የሚስል ሰው መቶ መድፍ ቢደረድር የሚከለክለው የለም፤ ሥራው ግን የሚያስደንቀው ለአንድ አፍታ ነው። በተሰጠው ቶን ውስጥ ለመርከበኛው መኝታ፣ ለከሰሉ ጎተራ፣ ከማዕበሉ በላይ ለሚቀረው ግድግዳም ከፍታ ያስተረፈ ሰው ግን ኮልስ ያልመለሰውን ጥያቄ መልሷል። ወጣቶቻችን እርሳስና ማስመሪያ ይዘው እንዲህ ባለው ጨዋታ ቢጠመዱ፣ መርከብ ቢነድፉም ባይነድፉም፣ ያማረውን ሐሳብ ሁሉ «ክብደቱስ ስንት ነው?» ብሎ የመጠየቅን ልማድ ይማሩበታል።