ከዕድር ድንኳን እስከ ኮንዶሚኒየም ግቢ

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ ሰሃላ፣ ጎጆ የሚወጣ ሰው ቤቱን ብቻውን አይሠራም። ድንጋይ የሚያቀብለው፣ እንጨት የሚሸከመው፣ ጭቃ የሚያቦካው ጎረቤት በጅጌ ይጠራል፤ ባለቤቱ ደግሞ እንጀራና ጠላ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ደመወዝ የለም። ነገ የሌላው ተራ ሲደርስ ግን መቅረት ነውር ነው። ሞት ሲመጣም ያው ጎረቤት በቅሬ ተጠራርቶ ይቀብራል፣ ኀዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የፈለሰው ሰው ይዞት የገባው ትልቁ ሀብት ይህን የመሰለ ልማድ ነበር። የከተማዪቱ ሰፈሮች እንዴት ተሻሻሉ ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ መነሻው እዚህ ነው።

ዕድር በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው፤ በተለይም ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ። አመጣጡን ብዙዎች ከጉራጌ ስደተኞች ጋር ያያይዙታል። ከዘመዱ ርቆ የሚኖር ሰው በሞተ ጊዜ ቀባሪ እንዳያጣ፣ ቤተሰቡም ያለ ድንኳንና ያለ ንፍሮ እንዳይቀር የሰፈሩ ሰው በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል። ዳኛ ይመርጣል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይሾማል፣ በቀብር ላይ ያልተገኘውን ይቀጣል። ጡሩምባ ነፊው ሲያልፍ ሀብታምና ድኻ እኩል ይወጣል። የሒሳብ መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤና የምርጫ ልምድ በብዙ ሰፈር የተገኘው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከዚህ ነው።

እንዲህ በወጉ የተደራጀ ሰው ለቀብር ብቻ ተሰብስቦ አይበተንም። በ1950ዎቹ ብዙ ዕድሮች ከመዋጮአቸው ቀንሰው የሰፈራቸውን መንገድ ማስጠረግ፣ የቦኖ ውሃ ማስገባት፣ ለትምህርት ቤትና ለፖሊስ ጣቢያ ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ከኪሳቸው ባወጡት ገንዘብ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚወስድ መንገድ እስከ ማስቆፈር ደርሰዋል። ለቀብር ማዋጣት የለመደ እጅ ለመንገድም ተዘረጋ።

መንግሥትም ዝም ብሎ አላየም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ደንግጎ ነበር፤ በ1959 ደግሞ ማኅበራት በአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ የሚያዝ ደንብ ወጣ። ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ሰው በብዛት የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ስለነበር፣ ምዝገባው ዕድሮችን ለማገዝ ብቻ የታሰበ አልነበረም። ያም ሆኖ የከተማው አስተዳደር ጠቀሜታቸውን አልሳተውም። በ1960ዎቹ መባቻ ከንቲባ የነበሩት ኃይለጊዮርጊስ ወርቅነህ የዕድር መሪዎችን ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ለማስተሳሰርና ለሰፈር ልማት ለማሰለፍ ከጣሩት ሰዎች ቀዳሚው ናቸው።

አብዮቱ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። ሕዝቡ በአጭሩ ቀበሌ ያላቸው እነሱን ነው። አዋጁን ዛሬ የሚያነብ ሰው የተሰጣቸው ሥልጣን ስፋት ይደንቀዋል፤ እስከ 100 ብር ያለውን የቤት ኪራይ ራሳቸው እንዲሰበስቡ፣ በገንዘቡም ርካሽ ቤት እንዲሠሩበትና የነዋሪውን ኑሮ እንዲያሻሽሉበት፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ ከመንግሥት ጋር እንዲያቋቁሙ ይፈቅድላቸዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ የሰፈር ሰው ለሰፈሩ የሚሠራበት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ማሰብ ይከብዳል።

በተግባር ግን ሁለት ነገሮች ጎዱት። አንደኛው ፖለቲካው ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የአብዮት ጥበቃ የሚታጠቅበት፣ ሰው የሚታሰርበት ቦታ ሆነ፤ ለዘመቻና ለስብሰባ የሚወጣው ሰው ወዶ ይውጣ ፈርቶ መለየት አስቸገረ። ሁለተኛው ኪራዩ ነው። አዋጁ ኪራይ ቀነሰ፤ ያም ለድኻው ትልቅ እፎይታ ነበር። የተቀነሰው ኪራይ ግን ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቆመ፤ ከእሱ የሚሰበሰበው ገንዘብም ጣሪያ ለመለወጥ እንኳ አልበቃም። ተከራዩ በራሱ ወጪ ልጠግን ቢል ፈቃድ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም፤ ነገ ማን እንደሚገባበት በማያውቀው ቤት ላይስ ማን ገንዘቡን ያፈሳል? የቀበሌ ቤቶች የጭቃ ግድግዳ እየተሸረሸረ፣ መጸዳጃ ቤቱ እየሞላ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድር በበኩሉ ወደ ድንኳኑና ወደ ቀብሩ ተመለሰ። የልማቱ ሥራ ተወስዶበታል፤ ስብሰባው ግን አልተቋረጠም።

በዚያ ዘመን መሐል አንድ የተለየ ሥራ ተጀመረ። የከንቲባ ኃይለጊዮርጊስ ባለቤት ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ሙያቸው ነርስ ነበር፤ በደርግ ለአምስት ዓመት ታስረው ከተፈቱ በኋላ ሬድ ባርና ከተባለው የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅት ጋር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረው ቀበሌ 29 መሥራት ያዙ። ከከተማዪቱ እጅግ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች አንዱ ነበር። ሰፈሩን አፍርሶ ሰዎቹን ሌላ ቦታ ከማስፈር ይልቅ እዚያው ባሉበት መጸዳጃ ቤት፣ የጋራ ማድ ቤት፣ የእግር መንገድና የፍሳሽ ቦይ ተሠራ፤ የከፋው ቤት ታደሰ፤ የጤናና የሥራ ትምህርትም አብሮ ተሰጠ። ምን ይቅደም በሚለው ላይ የነዋሪው ሐሳብ ይጠየቅ ነበር። ወይዘሮ ጀምበር ኋላ ይህንኑ አሠራር በራሳቸው ድርጅት ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ወስደውታል። ባልና ሚስት በሁለት የማይገናኙ ሥርዓቶች ውስጥ አንዱን ጉዳይ፣ የሰፈሩን ሰው ለሰፈሩ ሥራ መጥራትን፣ መያዛቸው በከተማዪቱ ታሪክ ከሚገባው በታች የተነገረ ነገር ነው።

ያን ጊዜ ይህን መንገድ የመረጠችው አዲስ አበባ ብቻ አልነበረችም። በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ ኦራንጊ በተባለ ሰፊ የድኾች ሰፈር አክተር ሐሚድ ኻን በ1972 ገደማ የጀመሩት ሥራ የአንድ ቅያስ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተውና ተጠሪ መርጠው የፍሳሽ ቧንቧቸውን ራሳቸው እንዲቀብሩ አደረገ። ከእሳቸው ጋር የሚሠሩት ባለሙያዎች ድርሻ ንድፍና ምክር መስጠት ነበር። ቅያሱ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ገንዘቡ የት እንደገባም ያያል። የዕድርም ጉልበት ይኸው ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው። በገርጂ 750 ያህል ቤቶች በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ለሙከራ ተሠሩ፤ በ1997 ለቤቶቹ ምዝገባ ሲካሄድ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። ቤቱን በዕጣ የማደሉ አሠራር ለፍትሕ ሲባል የተመረጠ ቢሆንም የቀድሞ ጎረቤትን በታተነ። ለሠላሳ ዓመት አንድ ዕድር የጠጡ ሰዎች አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ ደረሰው። አንድ ደረጃ የሚወጡ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ የሚጋሩ፣ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ብሎክ ተገናኙ።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ የሕግ ሰውነት ያለው ማኅበር እንዲኖራቸው፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ ግቢውንና የፍሳሽ መስመሩን በማኅበሩ በኩል እንዲያስተዳድሩ፣ ወጪውንም በመዋጮ እንዲሸፍኑ ይደነግጋል። ሕግ ግን ማኅበርን ያቋቁማል እንጂ ሰውን ከቤቱ አያስወጣም። አጥር ያሳጠረው፣ ጥበቃ የቀጠረው፣ ሮቶና የውሃ ፓምፕ የገዛው፣ ዛፍ የተከለው ኮሚቴ በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈለው፣ እሑድ ጠዋት ከየበሩ እያንኳኳ መዋጮ የሚለምን ጥቂት ሰው ነው። ምድር ቤት ያለው ሰው ውሃ ስለሚደርሰው ለፓምፑ አልከፍልም ይላል፤ አራተኛ ፎቅ ያለው ደግሞ ውሃውን በጄሪካን ተሸክሞ ይወጣል። ለበግ ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራው ኮሙናል ይከራይ ወይስ ለግልጋሎቱ ይዋል በሚለው ስንት ስብሰባ ታውኳል።

ጠብ ከበረታባቸው ግቢዎች ይልቅ የተቃናላቸውን ማየት ይጠቅማል። ሳይቱ እንደተሞላ መጀመሪያ ዕድር ያቋቋሙ፣ በኀዘንና በሠርግ የተዋወቁ ነዋሪዎች ኋላ ለአጥርና ለኮብልስቶን መዋጮ ሲጠየቁ ጠያቂውን ያውቁታል። ገንዘብ ያዡ በአባታቸው ቀብር ላይ ድንኳን የተከለላቸው ሰው ነው። ዕድሩ ከኮሚቴው ቢቀድም የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መተማመኑ የሚገኘው ከደረሰኝ በፊት ነው።

አንድ ትልቅ ክፍተት ግን አለ። አዋጁ አባል የሚያደርገው ባለቤቱን ነው። በኮንዶሚኒየሞቹ ውስጥ የሚኖረው ብዙ ሰው ደግሞ ተከራይ ነው፤ ባለዕጣው የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር ይኖራል። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ የሚመጣው ባለቤት ጥቂት ነው፤ ቆሻሻው የሚሸተው፣ መብራቱ የሚጠፋበት፣ ልጁ በግቢው የሚጫወተው ተከራይ ግን አይጠራም። የባለቤቶች ማኅበራት ይህን ራሳቸው ሊያቃኑት ይችላሉ። ድምፅ መስጠቱ የባለቤቱ ሆኖ ይቆይ፤ ተከራዩ ግን በስብሰባው ይጋበዝ፣ በጽዳትና በጥበቃ ንዑስ ኮሚቴዎች ይመረጥ፣ ሒሳቡም ይነገረው። የሰፈር ዕድር ባለቤትም ይሁን ተከራይ በሩን ለሁሉም ከፍቶ ኖሯል፤ የብሎኩ ኮሚቴም በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን በአጀንዳ ያቅርብ።