ባሕር የራቃት አገርና የባሕር ሕግ

ባሕር የሕዝቦች መገናኛ የመሆኑን ያህል የኃያላን መፎካከሪያ ሜዳም ሆኖ ኖሯል። የአንድ መንግሥት ሥልጣን ከዳርቻው ወዲያ እስከ የት ይዘልቃል ለሚለው ጥያቄ ለረጅም ዘመን መልስ የሰጠው ሕግ ሳይሆን መድፍ ነበር። የባሕር ኃያላን መርከቦቻቸው በሰው ደጃፍ እንደ ልብ እንዲመላለሱ ስለሚሹ፣ የዳርቻው ወሰን ከሦስት ማይል እንዳያልፍ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር።

ኢትዮጵያ ግን በ1946 ዓ.ም. ባወጣችው የባሕር አዋጅ የግዛት ባሕሯን ወርድ 12 የባሕር ማይል አደረገች። በ1950 እና በ1952 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረጉት ሁለት ጉባኤዎች በወርዱ ላይ ሳይስማሙ ተበተኑ፤ በሁለተኛው የቀረበው የስድስት ማይል አስታራቂ ሐሳብ የወደቀው በአንድ ድምፅ ጉድለት ነው። ከቅኝ አገዛዝ የተላቀቁት አገሮች ሲበዙ ሚዛኑ ተለወጠ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1975 ዓ.ም. በጃማይካ ለፊርማ የቀረበው የባሕር ሕግ ስምምነት 12 ማይልን የግዛት ባሕር፣ 200 ማይልን የኢኮኖሚ ቀጠና ጣሪያ አደረገ፤ ከመንግሥታት ሥልጣን ውጭ ያለውን የባሕር ወለልም የሰው ልጅ የጋራ ቅርስ አለው። ኢትዮጵያም ፈረመች፤ ሆኖም ፊርማው ሳይጸድቅ አሥርታት አለፉ።

በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ዳርቻዋን አጣች። ዳርቻ ማጣት ግን ከባሕር ሕግ መውጣት አይደለም። ስምምነቱ ባሕር ለሌላቸው አገሮች መርከብን በራስ ሰንደቅ ዓላማ የማንቀሳቀስ፣ በጎረቤት ምድር የመተላለፍና ከተራፊው የዓሣ ሀብት በፍትሕ የመካፈል መብትን ይሰጣል። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መርከብ ድርጅት ከዳርቻው ማጣት በኋላም መርከቦቹን አላቆመም። በክፍት ባሕር የሚጓዝ መርከብ በሰንደቁ አገር ሥልጣን ሥር ነውና፣ በውቅያኖስ መካከል ያለው የመርከቡ ወለል የኢትዮጵያ ሕግ የሚሠራበት ስፍራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የባሕር ሕግ ከደጋው መሐል፣ ልደታ ባለው ችሎት ፊት፣ ለጭነት ክርክር ሊጠቀስ ይችላል።

መብቱ ያለ ግዴታ አልመጣም። ሰንደቁን የሰጠ መንግሥት የመርከቡን ደኅንነት መመርመር፣ የመርከበኛውን የሥራ ሁኔታ መቆጣጠር፣ ዘይትና ቆሻሻ ወደ ባሕር እንዳይፈስ መከላከል አለበት። የመተላለፊያውም መብት ቢሆን በተግባር የሚውለው ከጎረቤት ጋር በሚደረግ ውል ነው።

ስለሆነም የባሕር ጥያቄ የወደብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሕግ እውቀት፣ የሠለጠነ መርከበኛና ከጎረቤት ሕዝብ ጋር በመከባበር የቆመ ውል ያስፈልገዋል። የጋራ ቅርስ የተባለውን ሀብት ባለ ዳርቻዎች ብቻቸውን እንዳይከፋፈሉት፣ ዳርቻ የሌለውም ሕዝብ ሕጉን አውቆ ድምፁን ማሰማት ይኖርበታል።